በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት፤ የጅጅጋ ገዥና የመጀመሪያው የቴአትር ደራሲ

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ስማቸው የሚጠራው በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በማርቀቃቸው፤ በጄኔቭም በመንግሥታት ማኅበር ጉባኤ ስለ አገራቸው በመሟገታቸው ነው። ይህ ጽሑፍ ግን የሚያነሣቸው በሌላ ሥራቸው ነው። መንግሥት ሕዝብን ከኪነ ጥበብ ጋር ለማገናኘት ምን ማድረግ ይገባዋል ብሎ ለሚጠይቅ ተማሪ፣ የእኒህ ሰው ሕይወት ብዙ የሚያስተምር ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወልደው፣ በልጅነታቸው ሐረር በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. ከጦሩ ጋር ዐድዋ ዘምተው ነበር። ከድሉም በኋላ ገና የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳሉ ወደ ሩሲያ ሄደው፣ ብዙ ዓመት ተቀምጠው የመድፈኛነትን ሙያ ተማሩ። ኋላም በፈረንሳይና በእንግሊዝ አገር የእርሻ ትምህርት አጠኑ።

ልጅ ኢያሱ በ1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ የጅጅጋ ገዥ ሆነው ተሾሙ። ጅጅጋ ያን ጊዜ በሐረርና በበርበራ መካከል የሚመላለሰው ነጋዴ የሚያርፍባት ከተማ ነበረች። ቀጥ ብለው እርስ በርሳቸው የሚቋረጡት የከተማይቱ መንገዶች በእርሳቸው የተቀየሱ እንደ ሆኑ ይነገራል። የሚያስተዳድሩትም የሱማሌ ሕዝብ ኪነ ጥበብን ከመንግሥት የሚጠብቅ አልነበረም። ጋበይ የሚባለውን ረዥም ግጥም በአደባባይ እያሰማ፣ ጠቡንም ዕርቁንም፣ ወቀሳውንም ምስጋናውንም በግጥም ይነጋገር ነበር። ለዚህ ሕዝብ ግጥም ጉዳይ የሚታይበት ሸንጎ ነው።

በአዲስ አበባ የነበረው ሁኔታ ግን ሌላ ነበር። ተክለ ሐዋርያት አንድ ቀን ቴአትር ይታያል ተብለው ቢሄዱ ያገኙት ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆነ። በዚህም አዝነው፣ ቴአትር ማለት ምን እንደ ሆነ ለአገራቸው ሰው ለማሳየት ብዕራቸውን አነሡ። ከላ ፎንቴን ተረቶች አሳብ ወስደው ያዘጋጁት ይህ ሥራ «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለው ነው። በ1913 ዓ.ም. ገደማ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ በመኳንንትና በውጭ አገር ሰዎች ፊት ታየ። ተናጋሪዎቹ አውሬዎች ይሁኑ እንጂ የተወቀሰው የሹማምንቱ አስተዳደር መሆኑ አልተሰወረም። ስለዚህ በንግሥት ዘውዲቱ መንግሥት ትእዛዝ መጽሐፉ ተሰበሰበ፤ ቴአትርም ተከለከለ።

ደራሲው ግን ከመንግሥት ሥራ አልራቁም። የጨርጨር ገዥ ሆነው አሰበ ተፈሪን አቀኑ፤ ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ። ቴአትርም ከ1923ቱ የዘውድ በዓል ወዲህ እንደ ገና ተፈቀደ። በ1927 ዓ.ም. የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ፤ በ1948 ዓ.ም. ደግሞ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለው ትልቅ አዳራሽ ተከፈተ። እነዚህ የመንግሥት በጎ ሥራዎች ናቸው፤ ማንም አይክዳቸውም። ነገር ግን አዳራሹን የሠራው መንግሥት ሳንሱርንም አብሮ አቆየ። የጽሑፍ ቅድመ ምርመራ በዐዋጅ የቀረው በ1985 ዓ.ም. ነው።

ተክለ ሐዋርያት በጠላት ወረራ ጊዜ ተሰደው ብዙ ዓመት በማዳጋስካር ኖሩ። ከስደት ተመልሰውም በሂርና በእርሻ ሥራ ተቀመጡ፤ በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ የጻፉት መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት የታተመው ከሞታቸው ብዙ ዘመን ቈይቶ በ1998 ዓ.ም. ነው። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም የታወቁ ደራሲ ወጥተዋል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ለኪነ ጥበብ አዳራሽ መሥራት ብቻውን አይበቃም፤ በአዳራሹ ውስጥ የሚነገረውን ወቀሳ መቻልም የመንግሥት ፋንታ ነው። ሁለተኛው፣ የ1913ቱ ቴአትር የታየው ለጥቂት ሰዎች ስለ ነበረ በተከለከለ ጊዜ የሚጮኽለት ሕዝብ አላገኘም። የሱማሌው ባለ ግጥም ግን ሰሚው ሕዝቡ ራሱ ስለ ሆነ ቃሉን ከአፉ የሚሰበስብበት ሹም አልነበረም። እንግዲህ ባህልን ለሕዝብ እናድርስ የሚል ባለ ሥልጣንም ሆነ የተማሪ ማኅበር፣ አስቀድሞ ሕዝቡ ዘንድ ያለውን ይመልከት። እኛም በአማርኛም ሆነ በሱማልኛ ቴአትር በምናዘጋጅበት ጊዜ፣ የፊተኛውን ወንበር ለሹማምንት ብቻ ሳይሆን ለከተማው ሰው እናስቀምጥ።