ሳይሰማ የተፈረደበት ሰው፤ የሃሪ ቱኩ የሕይወት ታሪክ



በዮሐንስ ወንጌል በሰባተኛው ምዕራፍ እንደሚነገረው፥ የካህናት አለቆችና ፈሪሳውያን ጌታችንን ለማስያዝ በተነሡ ጊዜ ከመካከላቸው ድምፁን ያሰማ አንድ ሰው ብቻ ነበረ። እርሱም ቀድሞ በሌሊት ወደ ጌታ የመጣው ኒቆዲሞስ ነው። በዚያች ሰዓት ስለ ትምህርት አልተከራከረም፤ ያሳሰባቸው ነገር ቢኖር፥ ሰው ቃሉ ሳይሰማና ሥራው ሳይመረመር ሊፈረድበት እንደማይገባ ነው። ባልንጀሮቹ ግን ዘለፉት። ይህ ጥያቄ በየዘመኑና በየአገሩ ይነሣል። በጎረቤታችን በኬንያ፥ በናይሮቢ ከተማ፥ ስለዚሁ ጥያቄ ደም ፈሶአል። ዛሬ የምንተርከው የዚያን ሰው ሕይወት ነው። ዓመታቱም ሁሉ በአውሮጳውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ሃሪ ቱኩ በ1895 ገደማ ከናይሮቢ በስተ ሰሜን በምትገኘው በኪያምቡ አገር፥ ካምቡኢ በተባለ ስፍራ፥ ከኪኩዩ ሕዝብ ተወለደ። በዚያ ከአሜሪካ የመጡ ሚሲዮናውያን ትምህርት ቤት ከፍተው ነበርና ብላቴናው አራት ዓመት ያህል ከእነርሱ ዘንድ ተቀምጦ ማንበብና መጻፍ፥ እንግሊዝኛም ተማረ። ከዚያም ወደ ናይሮቢ ሄደ። ናይሮቢ በ1899 የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች ሰፈር ሆና የተቈረቈረች ገና አዲስ ከተማ ነበረች።

በ1911፥ ዕድሜው 16 ዓመት ገደማ ሲሆን፥ ቼክ አስመስሎ ጽፎአል ተብሎ ተከሰሰና የሁለት ዓመት እሥራት ተፈረደበት። ይህን በእርሱ ሕይወት ውስጥ ልናልፈው አይገባንም። ቅጣቱ ለአንድ ብላቴና ከባድ ነበረ፤ ነገር ግን ክሱ ተነገረው፥ ዳኛ ፊት ቀረበ፥ የእሥራቱም ዘመን በቊጥር ተወሰነለት። ዘመኑን ፈጽሞ ሲወጣም ወደ ሰው ተመለሰ። የነጮች ሰፋሪዎች ጋዜጣ በሚታተምበት ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ሠራ፤ በ1918ም በመንግሥት ግምጃ ቤት በስልክ አገናኝነት ተቀጠረ። አንድ ጊዜ የወደቀ ብላቴና፥ በር ሲከፈትለት፥ ቀና ብሎ ሊሄድ እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በኬንያ አፍሪካውያን ላይ ቀንበር ከበደ። ለአካለ መጠን የደረሰ ወንድ ሁሉ ኪፓንዴ የተባለውን የመታወቂያ ወረቀት በብረት ሣጥን አድርጎ በአንገቱ እንዲያንጠለጥል ግድ ሆነበት፤ ግብሩ ጨመረ፤ በ1921ም ሰፋሪዎቹ የሠራተኛውን ደመወዝ ከሦስት አንዱን እጅ ለመቀነስ ተስማሙ። ሴቶችና ልጃገረዶችም ሳይቀሩ ወደ እርሻዎቹ በግዴታ ይነዱ ነበር። በዚያው ዓመት ቱኩ ከባልንጀሮቹ ጋር የወጣት ኪኩዩዎች ማኅበርን፥ ጥቂት ቈይቶም ሌሎች ነገዶች የሚገቡበትን የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበርን መሠረተ። አቤቱታውንም በቴሌግራም ወደ ለንደን ላከ። ስለዚህም የመንግሥት ሥራውን አጣ። እርሱ ግን ከመንደር መንደር እየዞረ ለሕዝቡ መናገሩን አልተወም፤ ይልቁንም ስለ ሴቶች የግዴታ ሥራ አጥብቆ በመናገሩ ሴቶች እጅግ ወደዱት።

መጋቢት 14 ቀን 1922 ፖሊስ ያዘው። ወሬው በተሰማ ጊዜ ሠራተኞች ሥራቸውን ተዉ፤ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብም ወደ ናይሮቢ ፖሊስ ጣቢያ ጎረፈ። መጋቢት 16 ቀን ጥቂት ሽማግሌዎች ከባለ ሥልጣኖቹ ጋር ተነጋግረው ሕዝቡ ወደየቤቱ እንዲሄድ መከሩ። በዚህ ጊዜ ሜሪ ሙቶኒ ኛንጂሩ የተባለች ሴት ወደ ፊት ወጣችና በኪኩዩ ልማድ ወንድን እጅግ በሚያሳፍር ምልክት ወንዶቹን ዘለፈች፤ ሱሪያቸውን ለሴቶች ሰጥተው ቀሚስ እንዲለብሱም ነገረቻቸው። ሕዝቡም ወደ ጣቢያው ገፋ። ፖሊሶች ተኰሱ። በአቅራቢያው ከሚገኘው ኖርፎክ ሆቴል የነበሩ ነጮችም አብረው እንደ ተኰሱ ይነገራል። ኛንጂሩ ከሞቱት አንዲቱ ናት። መንግሥት የቈጠረው ሙታን 21 ነበሩ፤ ሌሎች ግን ቊጥሩ ከዚህ እንደሚበልጥ መስክረዋል።

ቱኩስ ምን ሆነ? ክስ አልቀረበበትም፤ ዳኛም አልሰማውም። ገዢው ሰላም ያውካል ብሎ ያመነበትን ሰው በትእዛዙ ብቻ ወደ ሩቅ አውራጃ ሊያግዝ የሚፈቅድለት ሕግ ነበረና፥ ወደ ኪስማዩ፥ በኋላም ወደ ላሙ ደሴትና ወደ ሰሜኑ በረሃ ወደ ማርሳቢት ተጋዘ። እስከ 1930 መጨረሻ ድረስም ዘጠኝ ዓመት የሚጠጋ ዘመን በግዞት ኖረ። እንግዲህ ሁለቱን እሥራቶች አስተያዩ። ቼክ አስመስሎ በጻፈ ጊዜ ቀኑ ተቈጠረለት፤ ስለ ወገኑ በተናገረ ጊዜ ግን ቀን የሚቈጥርለት አልነበረም። ፍርድ ቤት ያሠረው ሰው የሚወጣበትን ቀን ያውቃል፤ ያለ ፍርድ የታሠረ ሰው ግን ነጻነቱ ባሠረው ሰው ፈቃድ ላይ ተንጠልጥሎ ይኖራል።

ከግዞት በተመለሰ ጊዜ ቱኩ የቀድሞው ሰው አልነበረም። በ1932 የኪኩዩ ማዕከላዊ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1935 ግን ተለይቶ ለመንግሥት የሚታዘዝ ሌላ ማኅበር መሠረተ። በካቤቴ አጠገብ ቡና እየተከለ ኖረ። በጥቅምት 1952 በማው ማው ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ጊዜም በሬዲዮ ወጥቶ ማው ማውን ተቃወመ።

ውድ አንባቢ ሆይ፥ የታሪኩ ከባድ ስፍራ ይህ ነው። የመግደልን መንገድ መቃወም ነውር አይደለም። ነገር ግን በቱኩ ላይ የተደረገው ነገር አሁን በብዙ ዐሥር ሺህ ሰዎች ላይ ተደረገ። በሚያዝያ 1954 ናይሮቢ በወታደር ተከበበችና የኪኩዩ ወንዶች በጅምላ እየተያዙ ያለ ፍርድ ወደ እሥር ሰፈር ተወሰዱ። ከእነርሱም መካከል ልጆች ነበሩ፤ በ1955 ለእነርሱ ብቻ በዋሙሙ ሰፈር ተከፈተላቸው። መጋቢት 3 ቀን 1959 በሆላ 11 እሥረኞች የግዴታ ሥራ አንሠራም በማለታቸው ተደብድበው ሞቱ፤ በመጀመሪያ የተነገረው ግን ውኃ ጠጥተው እንደ ሞቱ ነበር። በሰኔ 2013 የእንግሊዝ መንግሥት ማዘኑን ገልጦ ከ5,000 ለሚበልጡ ከሳሾች ካሣ ለመክፈል ተስማማ።

ኬንያ በ1963 ነጻ ከወጣች በኋላም ያ ልማድ አልሞተም። በ1969 ኦጊንጋ ኦዲንጋ፥ በ1977 መጨረሻም ደራሲው ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ያለ ፍርድ ታሥረዋል። አንድ ጊዜ ለአንድ ሰው የተሠራ ሰንሰለት ለሌላውም እግር ይሆናልና። ቱኩ በሰኔ 1970 ዐረፈ፤ በኖርፎክ ሆቴል አጠገብ የሚያልፈው መንገድም ዛሬ በስሙ ይጠራል። በ2010 የወጣው የኬንያ ሕገ መንግሥት የተያዘ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ፥ ሕፃንም ሌላ መንገድ ሁሉ ሳይሞከር እንዳይታሠር፥ ቢታሠርም ለአጭር ጊዜና ከአዋቂዎች ተለይቶ እንዲሆን ያዝዛል። በ2022 የወጣው የሕፃናት ሕግም በወንጀል የሚጠየቅበትን ዕድሜ ከ8 ወደ 12 ዓመት ከፍ አደረገው። ሕግ ግን የሚጠብቀው ሰው ከሌለ በወረቀት ላይ ይቀራል።

ይህ የሩቅ አገር ነገር አይምሰለን። በሐምሌ 1979 የቤተ ክርስቲያናችን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ሰብከው ሲወጡ በአዲስ አበባ ተይዘው ተወሰዱ፤ ዳኛ ፊት ሳይቀርቡም ተገደሉ። መቃብራቸው የታወቀው በ1992 ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳም ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ፍርድ ታሥረዋል።

ስለዚህ ወገኖቼ፥ እኛ ሳይሰማ በተፈረደበት ጌታ የምናምን ሰዎች ነን። የታሠረው ወዳጃችን ሲሆን ብቻ ሳይሆን የማንስማማበት ሰው ሲሆንም የኒቆዲሞስን ጥያቄ እንጠይቅ። በየከተማችን ያለውን ወኅኒ ቤት እንወቀው፤ እሥረኛውን እንጎብኘው፤ ዳኛ ያላየውን ሰው ስሙን ይዘን ወደሚሰማ ዳኛ እንጩኽለት፤ የወደቀ ብላቴና ሲወጣም እንደ ቱኩ የሚሠራው ሥራ እንፈልግለት። ለእሥረኞች መፈታትን ሊሰብክ የመጣው ጌታ ለዚህ ድፍረትን ይስጠን። አሜን።