የአዛዥ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ

ተወዳጅ አንባቢ ሆይ፥ በሌላ ሰው ቤት እንጀራ በልተህ፥ በሌላ ሰው ገንዘብ ተምረህ አድገህ እንደ ሆነ፥ አንተ የማን ነህ? ይህ ጥያቄ በሚስዮን ትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ብዙ ጊዜ ይቀርብልናል። አንዳንዱ በቅንነት፥ አንዳንዱም በነቀፋ ይጠይቀናል። ቁጡ የሆነ ሰው ያሳደጉትን በመስደብ አገሩን መውደዱን ለማስረዳት ይሞክራል፤ ልቡ ደካማ የሆነ ደግሞ ውለታ የከፈለ እየመሰለው ወገኑን ይንቃል። ሁለቱም ለክርስቲያን የሚገባ መንገድ አይመስለኝም። ስለዚህ ነገር ምክር ከመደርደር ይልቅ፥ ጥያቄው ከሕፃንነቱ እስከ ሽምግልናው ድረስ ያልተለየውን የአንድ ሰው ታሪክ እነግርሃለሁ።

በ1860 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር በጄኔራል ናፒየር የሚመራው የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ያዘ። ዐፄ ቴዎድሮስም እጃቸውን ከመስጠት ይልቅ ሞትን መረጡ። ምሽጉ ተዘረፈ፥ ተቃጠለም። በዚያ ሁከት መካከል ዕድሜው ሦስት ዓመት ያህል የሆነ አንድ የጎንደር ሕፃን ከወላጆቹ ተለይቶ ተገኘ። ቻምበርሌን የሚባል የጦር መኮንን ሕፃኑን አንሥቶ ከጦሩ ጋራ ወደ ሕንድ ወሰደው። ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመት በኋላ በሞተ ጊዜ ማርቲን የሚባል ሌላ መኮንን የትምህርቱን ወጪ ቻለለት፤ ልጁም በአምሪትሳር በሚስዮን ትምህርት ቤት አደገ። ከመጀመሪያው ሰው የመጠሪያ ስሙን፥ ከሁለተኛው የቤተ ሰብ ስሙን ወስዶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ወርቅነህ የሚለውን ስም የሚያውቅ ሰው በዚያ አገር አንድም አልነበረም።

እዚህ ላይ ጥቂት ቁምና አስብ። ሕፃኑን ከአገሩ የለየው ጦር ከመቅደላ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና የብራና መጻሕፍት በዝሆንና በበቅሎ ጭኖ የሄደው ጦር ነው። ሕፃኑን አብልቶ፥ አልብሶና አስተምሮ ለሰው ደረጃ ያበቃውም ከዚያው ጦር የወጣ ሰው ነው። በደሉን ከውለታው፥ ውለታውንም ከበደሉ ለይቶ ማየት ለአዋቂ እንኳ ከባድ ነው። በፈርዖን ቤት ያደገው ሙሴ በዚህ ነገር እንደ ተፈተነ ታውቃለህ።

ወጣቱ በላሆር ከተማ የሕክምና ትምህርት ተምሮ ገና በለጋ ዕድሜው ሐኪም ሆነ። በኋላም ወደ እስኮትላንድ ተሻግሮ ትምህርቱን ጨመረ፤ በእንግሊዝ መንግሥት አገልግሎትም በበርማ አገር በሐኪምነት ተሾመ። ደመወዙ የታወቀ፥ ማዕርጉም የተከበረ ነበር። በዚያው ጸጥ ብለው ኖረው ቢያረጁ ኖሮ የሚወቅሳቸው ሰው ባልተገኘም ነበር።

ነገር ግን የካቲት 23 ቀን 1888 ዓመተ ምሕረት የኢትዮጵያ ጦር በዐድዋ ድል ባደረገ ጊዜ፥ ወሬው እስከ እስያ ደረሰ። ሐኪሙም የተወለዱበትን አገር ለማየት ልባቸው ተነሣሣ፤ ፈቃድ ተቀብለው በዘይላ በኩል ተጓዙና በ1891 ዓመተ ምሕረት ገደማ አዲስ አበባ ገቡ። በከተማው ድንኳን ተክለው በሽተኞችን ያክሙ ጀመር። አማርኛ ፈጽሞ ስለ ረሱ ከገዛ ወገናቸው ጋራ የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነበር። በመቅደላ የጠፋ ልጅ ሐኪም ሆኖ ተመልሷል የሚለው ወሬ በተሰማ ጊዜ፥ አንዲት አሮጊት ወደ ድንኳኑ መጥተው ትክ ብለው ይመለከቷቸው ጀመር። በመጨረሻም ሕፃኑ በክንዱና በእግሩ ላይ የነበሩትን ጠባሳዎች ተናገሩ። ገላቸው ቢታይ ጠባሳዎቹ እንደ ተባሉት ተገኙ። አሮጊቲቱ አያታቸው ነበሩ። ሐኪሙ የገዛ ስማቸው ወርቅነህ፥ የአባታቸውም ስም እሸቴ እንደ ሆነ በዚያን ጊዜ ዐወቁ። ከሠላሳ ዓመት በላይ የልጅ ልጅን ጠባሳ በልብ ይዞ መኖር ምን ዓይነት ፍቅር ነው! እኔ ይህን ታሪክ በተናገርሁ ቍጥር በዚህ ቦታ ድምፄ ይቆረጣል።

ይሁን እንጂ ችግሩ በዚህ አላለቀም። ሐኪም ወርቅነህ የእንግሊዝ መንግሥት አገልጋይ ስለ ነበሩ ወደ በርማ መመለስ ግድ ሆነባቸው። በ1900 ዓመተ ምሕረት ገደማ ደግሞ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ሐኪም ሆነው ወደ አዲስ አበባ መጡ፤ ዐፄ ምኒልክም በታመሙ ጊዜ ካከሟቸው ሐኪሞች አንዱ ሆኑ። በዚህ ዘመን ለእንግሊዞች ጥቁር ሰው፥ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ግን የእንግሊዝ ሰው ነበሩ። በሁለት ወገን መጠርጠር ሰውን ወይ ያመርረዋል ወይ ዝም ያሰኘዋል። እርሳቸው ግን ወይዘሮ ቀጸላ ቱሉን አግብተው ቤት ሠሩ፥ ልጆችም ወለዱ፤ ከእንግሊዝ አገልግሎት በጡረታ ከወጡ በኋላም ያረፈ ሰው የሚፈልገውን ዕረፍት ትተው ለአገራቸው ሥራ ተሰለፉ።

ሥራቸውም በሽተኛን በማከም ብቻ አልተወሰነም። ኢትዮጵያ በመስከረም 1916 ዓመተ ምሕረት ወደ መንግሥታት ማኅበር ገባች፤ በዚያው ዓመት በመጋቢትም ስለ ባሮች ነፃ መውጣት ዐዋጅ ተነገረ። ዐዋጅ መንገር ቀላል ነው፤ ነፃ የወጣው ልጅ ግን ማታ የት ይደር? ማንስ ያስተምረው? ሐኪም ወርቅነህ ነፃ ለወጡ ባሮች ልጆች ትምህርት ቤት እንዲቆም ደከሙ። ራሳቸው ከቤታቸው ተነጥለው በባዕድ እጅ ያደጉ ስለ ነበሩ፥ የእነዚህን ልጆች ነገር ከሌላው ሰው ይልቅ ሳያውቁት አይቀሩም። ከመካኒሳ አቦ ተነሥተህ ወደ ስድስት ኪሎ ብትወጣ ዛሬ የእንጦጦ ፖሊቴክኒክ የሚባለውን ግቢ ታያለህ። ይህ በ1917 ዓመተ ምሕረት በሚያዝያ ወር የተከፈተው የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ነው፤ በመጀመሪያው ዘመን ከበላይ ሆነው ከጠበቁት ሰዎች አንዱ ሐኪም ወርቅነህ ናቸው። በአስተርጓሚ ይናገሩ የነበሩት ሰው ለተማሪዎች በአማርኛ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እስከ መጻፍ ደረሱ። አንተ ተማሪ የሆንህ ወንድሜ፥ የገዛ ቋንቋህን አጣምመህ መናገር ትምህርት የሚመስልህ ከሆነ ይህን ነገር ደግመህ አንብበው።

በ1920 ዓመተ ምሕረት በጣና ሐይቅ ላይ ሊሠራ ስለ ታሰበው ግድብ ለመነጋገር ወደ አሜሪካ ተላኩ። በዚያም በኒው ዮርክ በሃርለም ሰፈር ከሚኖሩት ጥቁሮች ጋራ ተገናኝተው፥ የእጅ ሥራና ሙያ ያላቸው ወደ ኢትዮጵያ መጥተው እንዲረዱ ጋበዟቸው።

ከዚህ በኋላ ወደ ትልቁ ፈተና እንመጣለን፤ እርሱም ሥልጣን ነው። ከ1922 ዓመተ ምሕረት ገደማ ጀምሮ አዛዥ ወርቅነህ የጨርጨር ገዥ ሆኑ። መቀመጫቸውም አሰበ ተፈሪ፥ በዛሬ ስሟ ጭሮ ነበረች። አንባቢ ሆይ፥ በዚያ ዘመን ሹመት ማለት ለብዙ ሰው መብል ማለት እንደ ነበረ ሳትሰማ አልቀረህም። ሹሙ ከባላገሩ ይበላል፥ ወታደሩም ከባላገሩ ይበላል፤ ባላገሩ በጉልበቱም በእህሉም እየከፈለ የሚከፍለው መጠን የት እንደሚቆም አያውቅም ነበር። በጨርጨር የታሰበው ግን ግብሩ በታወቀ መጠንና በገንዘብ እንዲሆን፥ ሹማምንቱም በደመወዝ እንዲያድሩ ነበር። መንገድ ተጠረገ፥ ትምህርት የቀመሱ ወጣቶችም በሥራው ገቡ። አውራጃው ለሌላው ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበርና እንዲሁ ይባል ነበር። ሁሉ ነገር እንደ ታሰበው ተፈጸመ አልልህም፤ ጊዜውም አጭር ነበረ። ነገር ግን ስለ ጽድቅ በሰንበት የሚናገር ሰው ብዙ ሳለ፥ ጽድቅን በግብር መዝገብ ላይ ለመጻፍ የሚደክም ሰው ጥቂት ነው። እኔ ሐኪሙን ከድንኳናቸው ይልቅ በዚህ መዝገብ አከብራቸዋለሁ።

በ1927 ዓመተ ምሕረት የኢጣልያ ጦርነት ሲቃረብ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ ለንደን ተላኩ። መቅደላን ያቃጠለ፥ እርሳቸውንም ያሳደገ አገር ነው። በዚያም በእንግሊዝኛቸው ስለ አገራቸው ተከራከሩ፥ ለቀይ መስቀል ርዳታ ለመኑ፥ ለኢትዮጵያ ከቆሙት እንግሊዞች ጋራም ወዳጅ ሆነው ሠሩ። የተቀበሉትን ትምህርት ሁሉ ለወገናቸው ጠበቃ አደረጉት። ይህን ሲያደርጉ ያሳደጓቸውን አልሰደቡም፤ መንግሥታቸው ሲያጠፋ ግን ዝም አላሉም።

ሁለቱ ልጆቻቸው ቢንያምና ዮሴፍ በእንግሊዝ አገር ምሕንድስና ተምረው ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው ነበር። አባታቸው በለንደን ሳሉ ልጆቹ ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋራ ተሰለፉ። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት በግራዚያኒ ላይ ቦምብ በተጣለ ጊዜ ፋሺስቶች በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ ጭፍጨፋ አደረጉ፤ የተማሩትንም ወጣቶች እየለዩ ገደሉ። ቢንያምና ዮሴፍም በዚያን ጊዜ ተገደሉ። ያሳደጋቸው የእንግሊዝ መንግሥትም በኅዳር 1931 ዓመተ ምሕረት የኢጣልያን መንግሥት የኢትዮጵያ ገዥ አድርጎ ዐወቀ። ሁለት ልጅ የቀበረ አባት፥ ያውም በዐይኑ ሳያይ፥ እንዲህ ያለ ወሬ በባዕድ አገር ሲሰማ ምን እንደሚሆን አስበው። ሽማግሌው ወደ ሕንድ፥ ወደ ልጅነታቸው አገር ተሻገሩ።

ኢትዮጵያ ነፃ ከወጣች በኋላ በ1934 ዓመተ ምሕረት ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በመስከረም 1945 ዓመተ ምሕረትም ሰማንያ ሰባት ዓመት ገደማ ሆኗቸው ዐረፉ። ለብዙ ዓመታት የዕለት ማስታወሻ ይጽፉ ነበር፤ የሚጽፉትም በአምሪትሳር በተማሩት በእንግሊዝኛ ቋንቋ ነበር።