የአብራሪው የቲቶ ሚኒቲ ሕይወትና ሞት

በመንዝ፣ ዘረት በተባለው ስፍራ፣ አመፀኛ ዋሻ የሚባል ዋሻ አለ። በሚያዝያ ወር 1931 ዓ.ም. የፋሺስት ጦር በዚያ የተጠለሉትን አርበኞችና ቤተሰቦቻቸውን በመርዝ ጋዝና በጥይት ፈጃቸው። ኢጣሊያ በኢትዮጵያ ላይ መርዝ መጣሏ ከወረራው መጀመሪያ አንሥቶ ሲያስወቅሳት፣ መከላከያ አድርጋ ካቀረበቻቸው ስሞች አንዱ የአንድ አብራሪ ስም ነበር። የዚህን ሰው ታሪክ ማወቅ ስለዚህ ለእኛም ይገባናል።

ቲቶ ሚኒቲ እ.ኤ.አ. በ1909 በደቡብ ኢጣሊያ፣ በካላብሪያ፣ ፕላካኒካ በተባለች ቦታ ተወለደ። የበረራ ሙያ ተምሮ የአየር ኃይል መኮንን ከሆነ በኋላ፣ ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ ጄኔራል ግራዚያኒ በሚመራው የደቡብ ግንባር ተሰለፈ።

ታኅሣሥ 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ከባልደረባው ከሊቪዮ ዛኖኒ ጋር ለቅኝት ወደ ደገሐቡር አቅጣጫ በረረ። አውሮፕላኑ በኢትዮጵያውያን ይዞታ ውስጥ ወረደ፤ ሁለቱም ወደ ጦር ሰፈራቸው አልተመለሱም። ሚኒቲ ተማርኮ አንገቱ ተቀላ ተባለ። ስለ አሟሟቱ የተነገረው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ሆኖም ምርኮኛን መግደል በማንም እጅ ቢፈጸም ነውር ነውና፣ ነገሩን አንሸፋፍነውም።

በአራተኛው ቀን፣ ታኅሣሥ 20፣ ራስ ደስታ ዳምጠው ባዘመቱት ጦር ግንባር በመልካ ዲዳ የነበረው የስዊድን ቀይ መስቀል ሆስፒታል ከአየር ተደበደበ። በርካታ ሕሙማን በተኙበት አለቁ፤ የሆስፒታሉ መሪ ዶክተር ፍሪደ ሂላንደርም ቆሰሉ። የድብደባው ምክንያት ሆኖ የቀረበው የአብራሪው ደም ነበር። የመርዝ ጋዙም እንዲሁ የብድር መመለሻ ነው ተባለ።

በእኛ ሙያ አንድ ግንባታ ሲፈርስ አስቀድሞ የሚመረመረው የነገሮች ቅደም ተከተል ነው፤ ምክንያት ከውጤቱ ኋላ ሊመጣ አይችልምና። ሙሶሊኒ ለግራዚያኒ በጋዝ እንዲጠቀም በቴሌግራም የፈቀደው ጥቅምት 16 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ሚኒቲ የመጨረሻ በረራውን ከማድረጉ ልክ ሁለት ወር አስቀድሞ መሆኑ ነው። በሰሜንም፣ በተከዜ አካባቢ፣ በራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ የዘነበው አብራሪው ከመሞቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ነበር። ደግሞም መርዝን መቀመም፣ በቦምብ ቀፎ መሙላት፣ ባሕር አሻግሮ ማከማቸት በአንድ ሌሊት ቁጣ የሚሆን ሥራ አይደለም። አሳቢ፣ ኬሚስትና መሐንዲስ የደከሙበት ነው። የጋዝን ጦርነት የሚከለክለውን የ1925ቱን የጄኔቫ ስምምነት ኢጣሊያ ፈርማ ነበር።

ለሚኒቲ ከሞተ በኋላ የወርቅ የጀግንነት ሜዳይ ተሰጠው፤ የሬጆ ካላብሪያ አውሮፕላን ማረፊያም በስሙ ተሰየመ። እንደ ወታደር የታዘዘውን ሲፈጽም የጠፋ ወጣት ነበር፤ ከሞተ በኋላ ግን ሳይጠየቅ ሌላ ግዳጅ ተሰጠው፤ እርሱ ሳይወድቅ በፊት ለታሰበ ግፍ ማመካኛ ሆነ።

የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዝ መጣሉን በይፋ ያመነው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ስድሳ ዓመት ዘግይቶ። በ1998 ዓ.ም. ደግሞ ኢጣሊያዊው የታሪክ ተመራማሪ ማቴዎ ዶሚኒዮኒ ወደ ዘረት ዋሻ በዘለቀ ጊዜ የሟቾቹን አጥንት አገኘ። የአብራሪው ስም በአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተጽፏል፤ በዋሻው ያለቁት የብዙዎቹ ስም ግን የትም አልተጻፈም።