ከሽፋን የተፋቀ ስም፦ የዊልያም አይዛክ ቶማስ የምርምር ሕይወት

ስደተኞችን ከራሳቸው ቃል በመነሣት ማጥናት እንደሚቻል ካሳዩ ቀደምት የሶሺዮሎጂ ሊቃውንት አንዱ አሜሪካዊው ዊልያም አይዛክ ቶማስ ናቸው። በ1863 በቨርጂኒያ ገጠር ተወለዱ (ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በቴነሲና በጀርመን አገር ከተማሩ በኋላ፣ በ1896 ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪ አግኝተው በዚያው አስተማሩ።

በዘመኑ ብዙ ምሁራን የስደተኞችን ጠባይ ከዘር ጋር ያያይዙት ነበር። ቶማስም በመጀመሪያ ጽሑፎቻቸው ከዚህ አመለካከት ፈጽሞ የራቁ አልነበሩም። አቋማቸው እየተለወጠ የሄደው ከጊዜ በኋላ ነው። በ1908 ሄለን ካልቨር የተባሉ ባለጸጋ ለስደተኞች ጥናት 50,000 ዶላር ሲሰጡ፣ ቶማስ ወደ ምሥራቅ አውሮፓ ተመላለሱ፤ በዋርሶም ከፈላስፋው ፍሎሪያን ዝናኒየትስኪ ጋር ተገናኙ። ሁለቱ በጋራ ያዘጋጁት «የፖላንድ ገበሬ በአውሮፓና በአሜሪካ» የተባለው ሥራ ከ1918 እስከ 1920 በአምስት ቅጾች ወጣ። ዋነኛ ማስረጃው በስደተኞችና በአገር ቤት ዘመዶቻቸው መካከል የተላላኩት በመቶዎች የሚቆጠሩ ደብዳቤዎች ነበሩ። ጥናቱ እንዳመለከተው፣ በስደት የላላው የቤተሰብና የመንደር ሥርዓት በሌላ መልክ መልሶ ይደራጃል፤ ስደተኛው ከአዲሱ ኅብረተሰብ ጋር የሚተሳሰረው በአብያተ ክርስቲያናቱ፣ በመረዳጃ ማኅበራቱና በጋዜጦቹ በኩል ነው።

ይሁን እንጂ በ1918 ቶማስ ከአንድ የጦር መኮንን ባለቤት ጋር በሆቴል ተገኝተዋል ተብለው ተያዙ። ክሱ በፍርድ ቤት ውድቅ ቢሆንም፣ ከ20 ዓመት በላይ ያስተማሩበት ዩኒቨርሲቲ አሰናበታቸው። የዩኒቨርሲቲው ማተሚያ ቤትም ከሁለተኛው ቅጽ በኋላ ኅትመቱን አቋረጠ፤ የቀሩት ቅጾች በቦስተን ታተሙ። በካርኔጊ ድርጅት ድጋፍ ስለ ስደተኞች ባህል የጻፉት መጽሐፍም በ1921 የወጣው በሮበርት ፓርክና በኸርበርት ሚለር ስም ነበር። ፓርክን ወደ ቺካጎ ያስመጧቸው ራሳቸው ቶማስ ነበሩ።

ቶማስ ከዚያ በኋላ ቋሚ የማስተማር ሥራ ባያገኙም ምርምራቸውን አላቋረጡም። በ1927 የአሜሪካ የሶሺዮሎጂ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1947 በካሊፎርኒያ አረፉ። የ1921ዱ መጽሐፍ ደራሲነት በይፋ የተመለሰላቸው ካረፉ ከአራት ዓመት በኋላ ነው። የደብዳቤና የሕይወት ታሪክ ሰነዶች ግን ዛሬም በስደት ጥናት ውስጥ ተቀባይነት ያላቸው የማስረጃ ምንጮች ናቸው።