ፀሐይ የአውሮፕላን ስም ብቻ አይደለም

ጥር 2016 ዓ.ም. ፀሐይ የተባለችው አውሮፕላን ከጣሊያን ስትመለስ እኛ ቢሾፍቱዎች ወሬውን ተቀባብለነው ነበር። የአየር ኃይል ከተማ ልጆች ነና! በ1928 ዓ.ም. አገራችን ውስጥ የተሠራች የመጀመሪያዋ አውሮፕላን መሆኗን ሁሉም ሼር አደረገ። ስሙ የማን ነው ብሎ የጠየቀ ግን ብዙም አላየሁም። እኔ ነርስ ነኝና ነገሩ ከነከነኝ፤ የስሙ ባለቤት ነርስ ነበሩ እኮ።

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ናቸው፤ የተወለዱት በ1912 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ሊወርረን ሲዘጋጅ ገና አሥራዎቹ ውስጥ ነበሩ። ሴቶችን አስተባብረው ለሠራዊቱ ፋሻና የጋዝ መከላከያ ጭምብል ከሚያዘጋጁት መካከል ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. ከቤተሰባቸው ጋር ተሰደው እንግሊዝ አገር ገቡ።

እዚያ ልዕልት ነኝ ብለው ቤት አልተቀመጡም። ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት መማር ጀመሩ። በ1931 ዓ.ም. የሕፃናት ነርስ ሆነው ተመዘገቡ። ከዚያም ጋይስ በሚባለው ሆስፒታል ቀጠሉ። ትምህርታቸውን የጨረሱት በ1933 ዓ.ም. ነው፤ ያ ዓመት ደግሞ የጀርመን አውሮፕላኖች ለንደንን በቦምብ የሚደበድቡበት ዓመት ነበር።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ በአባታቸው በኩል እህታቸው የሆኑት ልዕልት ሮማነወርቅ በጣሊያን ምርኮ ሳሉ ቱሪን ከተማ ውስጥ አረፉ። እስቲ አስቡት፦ አገር ተወርሯል፣ እህት በጠላት አገር ሞታለች፣ ከላይ ቦምብ ይወርዳል። ሥራና ትምህርት ግን አይቆምም።

ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሚያዝያ 1934 ዓ.ም. አብይ አበበን አገቡና ባለቤታቸው ወደሚያስተዳድሩት ወለጋ ሄዱ። አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. ነቀምት ላይ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ሕመም አረፉ። ገና 22 ዓመታቸው ነበር። ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባስበው በስማቸው የመታሰቢያ ሆስፒታል አዲስ አበባ ላይ ተሠራ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው እሱ ነው።

የተረፉልን ፎቶዎች ልዕልቷን በነርስ ዩኒፎርም ያሳዩናል። ስለ ንጉሣዊ ዘራቸው፣ ስለ ትምህርታቸው፣ ስለ አገር ፍቅራቸው ብዙ ተወርቷል። ከሌሊት ተረኝነት በኋላ እንዴት ዋሉ፣ ተኝተው ነበር ወይ የሚለውን ግን ማንም ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። ነርስን እንዲህ ነው የምናስታውሰው፤ ነጩን ልብስ እናያለን፣ ውስጡ ያለውን ሰው እናልፈዋለን።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮቪድ አገራችን ሲገባ ከበሽተኞች ጋር ከዋልነው አንዷ ነኝ። ጭምብሉ ፊቴ ላይ የሚተወው ምልክት በአንድ ቀን ይጠፋል። ቤት ገብቼም የሚከተለኝ የኦክስጅን መለኪያው ድምፅ ግን ቶሎ አልለቀቀኝም። እናቴን በመስኮት ነበር ሰላም የምላት። ሰፈር ውስጥ አንዳንዱ መንገድ ይቀይርብኝ ነበር። ቲቪ ላይ ደግሞ ጀግና ተባልን። ጀግና ደከመኝ፣ ፈራሁ አይልም ተብሎ ስለሚታሰብ እኔም ዝም አልኩ፤ ጓደኞቼም እንደዚያው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 ብቻ 115 ሺህ ያህል የጤና ባለሙያዎች በኮቪድ ሞተዋል። የተረፍነውስ? ይኸው ድርጅት መፍትሔ ያላገኘ የሥራ ውጥረት የሚያመጣውን መዛል በሦስት ምልክቶች ይገልጸዋል፦ ጉልበት ማለቅ፣ ከሥራው በስሜት መራቅ፣ እንደ ድሮው መሥራት አለመቻል። እኔ ሦስቱም ነበሩብኝ። ስንፍና ይመስለኝ ነበር፤ ስም እንዳለው ሳውቅ ግን ቀለለኝ። በኋላ ለአንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገርኳት። ለካ እሷም ሌሊቱን ቁጭ ብላ ነው የምታነጋው።

ልዕልት ፀሐይን ሳስብ ጥንካሬያቸው ያኮራኛል። ግን ጥንካሬያቸውን ብቻ ከወሰድን ግማሹን ነው የወሰድነው። ቤታችሁ፣ ጎረቤታችሁ፣ ኮንታክታችሁ ውስጥ ነርስ አትጠፋም። ጀግና ከማለታችሁ በፊት እንቅልፍ እንዴት እንደሆነ ጠይቋት፤ መልሱን ሳትቸኩሉ ስሙ። ነርስ የሆናችሁ ደግሞ፣ በሽተኛውን ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል እንደምትልኩት ሁሉ መንገዱ ለእናንተም ክፍት ነው። ነርስም ታካሚ ትሆናለች፤ ነውር የለውም።