ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን፦ ሦስት ሥርዓት ያላስቆመው ብዕር

ኮምቦልቻ፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ነዋሪ መቅደላ የሩቅ ታሪክ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ እጅ ከመስጠት ሞትን የመረጡበት ይህ የደቡብ ወሎ አምባ በተውኔት መድረክ ሕያው ሆኖ እንዲታይ ካደረጉት ሥራዎች አንዱ የባለቅኔው፣ የጸሐፌ ተውኔቱና የተርጓሚው ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ» ነው።

ጸጋዬ የተወለደው ነሐሴ 11 ቀን 1928 ዓ.ም. በአምቦ አቅራቢያ ቦዳ በተባለች መንደር ነው። ጊዜው የፋሺስት ጦር አገሪቱን የወረረበት ነበር። አባቱ ኦሮሞ፣ እናቱ የአንኮበር አማራ ነበሩና ሁለቱን ቋንቋዎች ከቤቱ አገኘ። ግዕዙንና ቅኔውንም በልጅነቱ ቀሰመ። ገና የአምቦ ተማሪ ሳለ የጻፈው ተውኔት በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ቀርቧል።

በአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት ተምሮ በ1950ዎቹ መባቻ ወደ ለንደንና ፓሪስ በመሄድ የቴአትር ጥበብን አጠና። ሲመለስ ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የሚባለውን ቤት በኃላፊነት መራ። በ«የከርሞ ሰው»ና በ«የእሾህ አክሊል» ተራውን ሕዝብ፣ የከተማውን ድኻና ከገጠር የፈለሰውን ምስኪን ወደ መድረክ አወጣ። ገና በወጣትነቱም የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ተቀበለ።

ትርጉም ለጸጋዬ ቃልን በቃል መተካት ብቻ አልነበረም። የሼክስፒርን «ኦቴሎ»፣ «ሐምሌት»ና «ማክቤዝ» በአማርኛ ቅኔ አስናገራቸው። በግፍ ዙፋን የያዘ ንጉሥ መጨረሻው ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ ተመልካች በራሱ ቋንቋ ሰማ። በገዛ አገር ስለ ገዥ በግልጽ መናገር በማይቻልበት ዘመን፣ የባዕድ አገር ንጉሥ ታሪክ እንደ ሰምና ወርቅ ያገለግል ነበር።

በ1966 ዓ.ም. የወሎ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ፣ ዘውዱም ሲናጋ፣ የግጥም መድበሉ «እሳት ወይ አበባ» ለአንባቢ ደረሰ። በዚያው የለውጥ ወቅት የጻፈው «ሀ ሁ በስድስት ወር» ሕዝብን ወደ ቴአትር ቤት አጎረፈ። አዲሱ መንግሥት በባህል ሚኒስቴር ከፍተኛ ሹመት ሰጠው፤ ብዙም ሳይቆይ ግን ያለ ፍርድ አሰረው። ከእስር ከወጣ በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲመሠረት ግንባር ቀደም ሆነ፤ ተተኪዎችንም አፈራ።

ደርግ ወድቆም ፈተናው አላበቃም። ስለ ሰላም የጻፈው «ሀ ሁ ወይም ፐ ፑ» ከመድረክ ታገደ። በንጉሡ፣ በደርግና በኢሕአዴግ ዘመን ሥራዎቹ በሳንሱር መቀስ አለፉ፤ እርሱ ግን ዘመን በተለወጠ ቁጥር ብዕሩን ለአዲሱ ጌታ አላስገዛም።

በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በኩላሊት ሕመም ምክንያት ለሕክምና ወደ አሜሪካ አቀና። የካቲት 18 ቀን 1998 ዓ.ም. በኒውዮርክ ዐረፈ፤ አስከሬኑም ወደ አገሩ ተመልሶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ሥራዎቹን ያገዱት ሦስቱም ሥርዓቶች አልፈዋል። እርሱ በግጥም ያበረከተው የአፍሪካ ኅብረት መዝሙር ግን ዛሬም ይዘመራል፤ «ቴዎድሮስ»ም ከመቅደላ አምባ ጋር ይታወሳል።