ፌሩቾ ላምቦርጊኒ

ፌሩቾ ላምቦርጊኒ (ሚያዝያ 20 ቀን 1908 ዓ.ም. – የካቲት 13 ቀን 1985 ዓ.ም.) ጣሊያናዊ መካኒክና ባለ ፋብሪካ ነበሩ። በመጀመሪያ በትራክተር፣ በኋላም በስማቸው በሚጠራው ፈጣን የቅንጦት መኪና ይታወቃሉ። የመኪና ፋብሪካ ከማቋቋማቸው በፊት የፌራሪ መኪና ገዝተው ይነዱ ነበር። ከመኪናው ጥገና ጋር የገጠማቸው ችግር ወደ አዲሱ ሥራ ከገፏቸው ምክንያቶች አንዱ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) ናቸው።

ልጅነትና ጦርነት

ላምቦርጊኒ ሚያዝያ 28 ቀን 1916 በሰሜን ጣሊያን በፌራራ አውራጃ፣ ቼንቶ አጠገብ በምትገኘው ሬናጾ መንደር ተወለዱ። ወላጆቻቸው አንቶኒዮና ኤቬሊና ወይን አምራች ገበሬዎች ነበሩ። ልጁ ግን ከወይኑ ተክል ይልቅ ወደ እርሻ መሣሪያዎቹ ስላዘነበለ በቦሎኛ አካባቢ የቴክኒክ ትምህርት ተከታተለ።

በ1940 ለጣሊያን አየር ኃይል ተመልምለው ወደ ሮድስ ደሴት ተላኩ፤ በዚያም የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ኃላፊ ሆኑ። በደሴት ላይ መለዋወጫ እንደ ልብ ስለማይገኝ የተበላሸውን ከሌላ ማሽን በተነቀለ ዕቃ ማስነሣት የዕለት ሥራቸው ነበር። በጦርነቱ ማብቂያ በእንግሊዞች ተማርከው በ1946 ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ1947 የመጀመሪያ ሚስታቸው ክሌሊያ ሞንቲ ልጃቸውን አንቶኒዮን (ቶኒኖን) ስትወልድ ሞተች።

የትራክተር ሥራ

ከጦርነቱ በኋላ በኤሚሊያ የእርሻ ማሽን ፍላጎት ብዙ፣ የገበሬው ገንዘብ ግን ጥቂት ነበር። ላምቦርጊኒ ሠራዊቱ ትቷቸው የሄዱትን ተሽከርካሪዎች በርካሽ እየገዙ ከሞተራቸውና ከካምቢዮአቸው ትራክተር መሥራት ጀመሩ። የመጀመሪያው ሞዴል ካሪዮካ ተባለ። ሞተሩ በቤንዚን ተነሥቶ ከሞቀ በኋላ በርካሽ ነዳጅ እንዲሠራ የሚያስችል መሣሪያ ስለገጠሙለት ለገበሬው ወጪ ቀነሰለት። ሥራው አድጎ የላምቦርጊኒ ትራክተር ፋብሪካ ሆነ፤ ቀጥሎም የማሞቂያና የአየር ማቀዝቀዣ መሣሪያ ማምረቻ ተጨመረበት።

በ1948 አንዲት ትንሽ ፊያት ቶፖሊኖ አሻሽለው ሚሌ ሚልያ በተባለው የመንገድ ውድድር ተካፈሉ። ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር ያህል ከነዱ በኋላ መኪናዋ ከአንድ ምግብ ቤት ጋር ተጋጨች። ከዚያ ወዲህ ለእሽቅድምድም ያላቸው ፍላጎት ቀዘቀዘ፤ በኋላም ፋብሪካቸው የውድድር መኪና እንዲሠራ አልፈቀዱም።

የፌራሪ ባለቤት

በ1950ዎቹ መጨረሻ ሀብታም ሆነው ነበር። አልፋ ሮሜዮ፣ ላንቻ፣ ማዜራቲ፣ መርሴዲስና ጃጓር ነድተዋል፤ በ1958 ደግሞ የመጀመሪያ ፌራሪያቸውን፣ 250 ጂቲ፣ ገዙ። በፍጥነቱ ቢደሰቱም መኪናው ለዘወትር መንገድ ድምፁ የበዛና የውስጥ ሥራው ያልተጣራ ሆኖ አገኙት። ከሁሉ በላይ ያስቸገራቸው ፍሪሲዮኑ ነበር። በተበላሸ ቁጥር መኪናውን ወደ ማራኔሎ ይወስዱ ነበር፤ እዚያም ጥገናው ባለቤቱ በማያይበት ቦታ ለሰዓታት ይካሄዳል።

በሰፊው እንደሚተረከው ላምቦርጊኒ መኪናውን በራሳቸው ጋራዥ አስፈትተው ሲያዩ ፍሪሲዮኑ ለትራክተሮቻቸው ከሚገዙት ጋር አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ፤ የሚጠየቅበት ዋጋ ግን ብዙ እጥፍ ነበር። ቅሬታቸውን ለኤንዞ ፌራሪ ሲያቀርቡ፣ የትራክተር ሠሪ ስለ ስፖርት መኪና አያውቅም ተብለው ተናቁ ይባላል። የንግግሩ ዝርዝር በተለያየ መልክ የሚነገር ሲሆን፣ ላምቦርጊኒ ራሳቸው በኋለኛ ዘመናቸው ደጋግመው አውርተውታል።

የመኪና ፋብሪካ

በ1963 በሳንታጋታ ቦሎኜዜ ከተማ የመኪና ፋብሪካ አቋቋሙ። ቀድሞ የፌራሪ ባልደረባ የነበሩት ጂዮቶ ቢዛሪኒ ባለ 12 ሲሊንደር፣ 3.5 ሊትር ሞተር ነደፉ። ወጣቱ መሐንዲስ ጃን ፓዎሎ ዳላራ ደግሞ ለውድድር የተቃኘውን ሞተር ለረጅም መንገድ እንዲመች አለዘቡት። የመጀመሪያው ለገበያ የቀረበ መኪና 350 ጂቲ በ1964 ወጣ። የፋብሪካው ዓርማ የሆነው በሬ ከባለቤቱ የልደት ኮከብ የተወሰደ ነው።

በ1966 የቀረበው ሚዩራ ሞተሩን ከሾፌሩ ጀርባ አግድም በማስቀመጡ ዓለምን አስደነቀ፤ ቦዲው በቤርቶኔ ድርጅት የማርቼሎ ጋንዲኒ ሥራ ነበር። በ1968 ባለ አራት መቀመጫው ኤስፓዳ ተከተለ። በ1970 ደግሞ ባለ 8 ሲሊንደሩ ኡራኮ ለእይታ ቀረበ። ኡራኮ ከፖርሽ 911 ጋር እንዲፎካከር በተሻለ ዋጋ የታሰበ መኪና ነበር።

የባለቤትነት ዋጋ

የፌራሪ ጥገና ያስመረራቸው ሰው የሠሯቸው መኪኖችም ለባለቤቶቻቸው ቀላል አልሆኑም። ባለ 12 ሲሊንደሩ ሞተር አራት የካም ዘንጎችና ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የካርቡራተር ጉሮሮ ስላለው ማስተካከሉ ልምድ ያለው መካኒክና ብዙ ሰዓት ይጠይቃል። በመጀመሪያዎቹ ሚዩራዎች ሞተሩና ካምቢዮው አንድ ዘይት ይጋሩ ነበር፤ ስለዚህ ከጥርሶቹ የሚወጣ የብረት ብናኝ ወደ ሞተሩ ሊገባ ይችላል። የመጀመሪያው ኡራኮ ካሞቹን የሚያዞረው በቺንጋ ሲሆን፣ ቺንጋው በጊዜው ካልተለወጠና ከተበጠሰ ሞተሩ ይጎዳል። በኋለኛው ባለ 3 ሊትር ሞዴል በሰንሰለት ተተክቷል።

ከ1973 የነዳጅ ቀውስ በኋላ ትልልቅ ሞተር ያላቸው ያገለገሉ መኪኖች ዋጋ ወረደ። ኤስፓዳና ኡራኮም ለረጅም ዓመታት ላምቦርጊኒ በርካሽ ለሚፈልግ ሰው ዋነኛ ምርጫ ሆኑ። ነገር ግን መኪናው ሲረክስ መለዋወጫውና የመካኒኩ የእጅ ዋጋ አብረው አይረክሱም። በዚህ ምክንያት ብዙዎቹ በየጋራዡ ተፈታትተው ቀሩ፤ አንዳንዶቹም ለሌሎች መለዋወጫ ሆኑ። መካኒክ ያልሆነ ገዢ ፌሩቾ በማራኔሎ የገጠማቸውን ያንኑ ችግር ከእሳቸው መኪና ጋር ገጠመው።

ሽያጭና የመጨረሻ ዓመታት

በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቦሊቪያ መንግሥት ሲለወጥ ትልቅ የትራክተር ትዕዛዝ ተሰረዘ፤ የሠራተኛ ማኅበራት ግፊትም በርትቶ ነበር። ላምቦርጊኒ የትራክተሩን ፋብሪካ ሳሜ ለተባለው ድርጅት ሸጡ። የመኪናውን ፋብሪካ 51 በመቶ በ1972 ለስዊዛዊው ጆርጅ-ሄንሪ ሮሴቲ፣ ቀሪውን 49 በመቶ በ1974 ለሬኔ ላይመር ሸጠው ከሥራው ወጡ። ኩንታሽ የተባለው ዝነኛ መኪና ለገበያ የቀረበው በዚያው በ1974 ነው።

ከዚያ በኋላ በኡምብሪያ፣ በትራሲሜኖ ሐይቅ አጠገብ ወደ ገዙት እርሻ ሄደው እንደ ወላጆቻቸው ወይን አመረቱ። የካቲት 20 ቀን 1993 በፔሩጃ በ76 ዓመታቸው አረፉ፤ የተቀበሩትም በቦሎኛ ቼርቶዛ መካነ መቃብር ነው። ፋብሪካው ከኪሳራና ከብዙ ባለቤቶች በኋላ በ1998 በአውዲ ተገዛ። በቢዛሪኒ ንድፍ የተጀመረው የሞተር ዘር እየተሻሻለ እስከ 2010 ተሠርቶበታል፤ ልጃቸው ቶኒኖም በስማቸው ሙዚየም አቁሟል።